ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለማን ነው?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የማስጠንቀቂያን ጥቅም ባጭር ቃል ያስረዳል። እሳቱ ገና በጭስነቱ የታየ እንደ ሆነ በአንድ እፍኝ ቅጠል ተመትቶ ይጠፋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ እንስራ ተሸክሞ ቢሮጥ የሚያተርፈው ዐመዱን ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ ያልነገረን አንድ ነገር አለ። ጭሱን ያየው ሰው የቤቱ ባለቤት ባይሆን፣ ባለቤቱም የት እንዳለ ባያውቅ፣ ቤቱም የተቈለፈ ቢሆን፣ ቅጠሉን ይዞ በደጅ መቆሙ ምን ይረባል?

በየመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ርእስ የተሰጣቸው ማስታወቂያዎች ተለጥፈው እናያለን። ከመካከላችን ቆሞ የሚያነባቸው ስንቱ ነው? አላፊ አግዳሚው ሁሉ «የሚመለከተው ሌላ ሰው ይሆናል» ብሎ ያልፋል፤ ያ ሌላው ሰውም በበኩሉ እንዲሁ ብሎ አልፏል። ስለዚህ ለሁሉ የተጻፈው ማስታወቂያ ለማንም ያልተጻፈ ሆኖ፣ ወረቀቱ ቢጫ እስኪሆን ድረስ በግድግዳው ላይ ይኖራል።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ ግድግዳው ማስታወቂያ ሳይሆን ኮምፒዩተር ስለሚጽፈው ማስታወቂያ ነው። የፕሮግራም ሠሪዎች በየቀኑ የሚመለከቱት ይህ ማስታወቂያ ለእነርሱ ሥራ የግድግዳው ወረቀት ታናሽ ወንድም ነው፤ የወንድሙንም በሽታ ወርሷል። ነገሩን ከአንድ ባልንጀራዬ ታሪክ ልጀምር።

ያልዋሸው ሐሰተኛ

ይህ ባልንጀራዬ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሲሆን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሙከራ ጊዜ ተቀጥሮ የመዝገብ ቤቱን ገቢና ወጪ ደብዳቤዎች የሚመዘግብ ፕሮግራም እንዲሠራ ታዘዘ። ሁለት ወር ያህል ሠራ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 2025 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በአንድ ዓርብ ማታ ፕሮግራሙን በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ፈትኖ ያለ እንከን መሥራቱን ካየ በኋላ ለአለቃው «ተፈጽሟል፤ ሰኞ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ እተክለዋለሁ» አላቸው። አለቃውም የሙከራ ጊዜውን ሪፖርት በዚያው ሳምንት ሊፈርሙለት አስበው ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አለቃው በአጠገቡ ወንበር ስበው በተቀመጡበት ተከላው ከመንገድ ቆመ። በመስኮቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ዘረገፈ።

«ዓርብ ዕለት አልቋል ብለኸኝ አልነበረም?» አሉት።

«አዎን፣ ብያለሁ።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

ምን እንደ ሆነ እርሱም አላወቀም። ከዓርብ ወዲህ አንዲት ፊደል አልለወጠም። ከቀዩ ጽሑፍ መጨረሻ ያለው መስመር በአማርኛ ሲመለስ «በሰረዝ የተጻፈው ‹ዲስክሪፕሽን-ፋይል› የተባለው ቃል ትክክል አይደለም፤ በሰረዙ ፈንታ ከግርጌ የሚሰመረውን መስመር ተጠቅመህ ጻፈው» የሚል ነበር። ባልንጀራዬ ይህን ቃል በጻፋቸው ገጾች ሁሉ ፈለገው፤ አንድም ቦታ አላገኘውም። ያልጻፈውን ቃል እንዴት አድርጎ ያርመው? አለቃው ጥቂት ቆይተው «ነገ እናያለን» ብለው ወጡ። ከቃላቸው ይልቅ ወንበሩን የመለሱበት ሁኔታ ልቡን እንደ ነካው በዚያ ሌሊት በስልክ ነግሮኛል።

በማግሥቱ ጧት ምንም ሳያደርግ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ሰጠ። ተከላው ያለ አንዳች እንቅፋት ተፈጸመ። አለቃው ደስ ብሏቸው «ምን አድርገህ አስተካከልኸው?» ብለው ቢጠይቁት «ምንም አላደረግሁም» አለ። እውነቱን ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ እውነት ከሐሰት ይልቅ ለመታመን ያስቸግራል።

ወፍጮውና እህሉ

በዚያ ሰኞ የሆነውን ለመረዳት ዛሬ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ማንም ፕሮግራም ሠሪ ሁሉን ነገር ከራሱ አይጽፍም። ቀን የሚቈጥረውን፣ ፋይል የሚያነበውን፣ ሥዕል የሚያሳንሰውን ክፍል ሌሎች አስቀድመው ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ በአንድ የጋራ ጎተራ አኑረውታል። እነዚህን «ፓኬጅ» ይሏቸዋል፤ እኛ ጥቅል እንበላቸው። ፓይተን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀው ጎተራ ፓይፒአይ ይባላል፤ በውስጡም ከ5 መቶ ሺህ የሚበልጡ ጥቅሎች ይገኛሉ። ከጎተራው እየተላከ ጥቅል የሚያመጣው መልእክተኛ ፒፕ የተባለው ፕሮግራም ነው። አንዱ ጥቅል ደግሞ ሌላውን፣ ያም ሌላውን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አምስት ጥቅል ያዘዘ ሰው ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸውን ሃምሳ ሊቀበል ይችላል።

ከጥቅሎቹም አንዳንዶቹ ተፈጭተው እንዳለቁ ዱቄት ናቸው፤ እንደ መጡ ይበላሉ። አንዳንዶቹ ግን ጥሬ እህል ናቸው፤ ከመበላታቸው በፊት በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ መፈጨት አለባቸው። ለዚህ ከሚያገለግሉት ወፍጮዎች እጅግ የታወቀው ሴትአፕቱልስ ይባላል። እያንዳንዱም እህል ስሙ፣ ቍጥሩና መግለጫው የተሞላበት ቅጽ አብሮት ይመጣል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ነገር አለ፤ ፒፕ እህል ባመጣ ቍጥር፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ከወፍጮዎቹ ሁሉ አዲሱን አስመጥቶ በእርሱ ያስፈጫል። እህሉ የአሥር ዓመት ይሁን እንጂ ወፍጮው የዛሬ ጧት ሊሆን ይችላል።

በማርች 2025 የሴትአፕቱልስ 78ኛው እትም ሲወጣ አንድ ለውጥ ይዞ መጣ። በቅጹ ላይ ቃላትን በሰረዝ አያይዘው የጻፉትን ጥቅሎች ቀድሞ ዝም ብሎ ይቀበል የነበረው ወፍጮ አሁን «አልፈጭም» አለ። ብዙ አሮጌ ጥቅሎች ግን «ዲስክሪፕሽን-ፋይል» የሚለውን ቃል በሰረዝ እንደ ጻፉት ኖረዋል። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ቅዳሜና እሑድ ሲሠራ የሰነበተ ሥራ ሰኞ ቆመ። ጩኸቱ ስለ በዛም የወፍጮው ጠባቂዎች ወዲያው ለውጡን አንሥተው የታረመ እትም አወጡ፤ የጥቅል ባለቤቶችም ቅጻቸውን ከ2026 በፊት እንዲያስተካክሉ መከሩ። የባልንጀራዬ ፕሮግራም ማክሰኞ ጧት በራሱ የዳነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአንድ ሰረዝ የተነሣ ይህ ሁሉ ሆነ።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጮህ ደወል

«እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አይገባም ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። መልሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ሴትአፕቱልስ በሰረዝ የተጻፈ ቅጽ ባየ ቍጥር «ይህ አጻጻፍ ወደ ፊት ተቀባይነት አይኖረውም» እያለ ይጽፍ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አስጠንቅቋል። ቃሉም ግልጽ ነበር፤ ስሕተቱን ከነመፍትሔው ይናገራል።

ታዲያ ማን ሰማው? እዚህ ላይ የነገሩ ሥር ይገለጣል። ፒፕ እህሉን ሲያስፈጭ ወፍጮው የሚናገረውን ሁሉ ለተጠቃሚው አያሰማም፤ ፈጩ በደኅና ካለቀ የወፍጮ ቤቱ ወሬ ተውጦ ይቀራል። ይህም የተደረገው በክፋት አይደለም፤ ሃምሳ ጥቅል የሚተክል ሰው የሃምሳ ወፍጮ ጫጫታ ቢሰማ ከሥራው ይናወጣልና ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለአራት ዓመት ሲጮህ የኖረው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ከፍቶ ያዳመጠ ቢገኝም እንኳ እርሱ እህሉን የገዛው እንጂ የዘራው አይደለም፤ ቅጹን ለማረም ሥልጣን የለውም። ለማረም ሥልጣን ያለው የጥቅሉ ደራሲ ደግሞ ሥራውን ከፈጸመ ዓመታት ስላለፉት ወደ ወፍጮ ቤቱ አይመለስም።

እንግዲህ የሰማው ሰው ማድረግ አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው ሰው አልሰማም። ለባልንጀራዬ የደረሰው ማስጠንቀቂያው ሳይሆን እሳቱ ነበር፤ እሳቱም ሲደርስ የማን ቤት እየተቃጠለ እንደ ሆነ በግልጽ አልነገረውም። ያን ቅጽ የያዘው ጥቅል ስሙ ከቀዩ መስመር እጅግ ርቆ ወደ ላይ ተቀብሮ ነበር። እኔና እርሱ እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው ያገኘነው።

የፓይተን ቋንቋ ሊቃውንት ራሳቸው ከዚህ ችግር ጋር ሲታገሉ ቆይተዋል። ቀድሞ አንድ የቋንቋው ክፍል ሊሻር ሲል ማስጠንቀቂያው ፕሮግራሙን ለሚጠቀም ሁሉ ይታይ ነበር። ሒሳብ ሊሠራ የተቀመጠ ጸሐፊ ስለ ፕሮግራሙ አንጀት የሚናገር ጽሑፍ ብቅ ሲልበት ይደነግጣል እንጂ ምን ሊያደርግ ይችላል? ስለዚህ በ2010 በወጣው 2.7 እትም እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ እንዲሸሸግ ተወሰነ። ዳሩ ግን ከጸሐፊው የተሸሸገው ከፕሮግራም ሠሪውም ተሸሸገ፤ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ነገር መሻሩን የሚያውቁት ከተሻረ በኋላ ሆነ። በ2018 የወጣው 3.7 እትም አስታራቂ መንገድ አመጣ፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያው ሰውየው በቀጥታ ከሚያስኬደው ከራሱ ጽሑፍ የመጣ እንደ ሆነ ይታያል፣ ከሌላ ሰው ጥቅል የመጣ እንደ ሆነ ግን አይታይም። በአስተሳሰብ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው፤ «ምን እንበል?» ከማለት በፊት «ለማን እንበል?» ተብሎ ተጠይቋልና።

ጅብ መጣ

ከመሸሸግ ሌላ የሚቃረን በሽታም አለ፤ እርሱም ማብዛት ነው። ጅብ ሳይመጣ «ጅብ መጣ» እያለ መንደሩን ሲያስሮጥ የኖረው እረኛ፣ ጅቡ የመጣ ዕለት የሚደርስለት እንዳጣ በልጅነታችን ተምረናል። በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ጥቅል የሚያመላልሰው ኤንፒኤም የተባለው መልእክተኛ ከ2018 ወዲህ የተተከሉትን ጥቅሎች እየመረመረ «ይህን ያህል የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቷል» ብሎ ይናገራል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በ2021 ዳን አብራሞቭ የተባለው የታወቀ ፕሮግራም ሠሪ በጻፈው ጽሑፍ፣ ከእነዚህ ማስጠንቀቂያዎች አያሌዎቹ በተነገረላቸው ሁኔታ ጉዳት ሊያደርሱ የማይችሉ መሆናቸውን ምሳሌ እየሰጠ አስረድቷል። ጥቅሉ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያው ግን የማይታወቅ ጠላት ከውጭ እንደሚደርስበት አድርጎ ይቈጥረዋል።

የዚህ ውጤት ምን ይሆናል? ተማሪ ሳለን ከእኛ ቀደም ያሉት ልጆች የኮምፒዩተር ቋንቋ ሲያስተምሩን ከሰጡን የመጀመሪያ ምክሮች አንዱ «ቢጫውን እለፈው፤ ቀይ ሲሆን ብቻ ቁም» የሚል ነበር። እኛም ይህን ለታናናሾቻችን አስተላለፍን። አሁን ሳስበው ይህ ምክር ማስጠንቀቂያ የሚባለውን ነገር ከነጥቅሙ የሚሽር ነው፤ ቢጫው ሁሉ ከታለፈ የሚቀረን እሳቱ ብቻ ነውና። ነገር ግን ልጆቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። በቀን መቶ ጊዜ በከንቱ የተጠራ ሰው መቶ አንደኛውን ጥሪ አለመስማቱ ከንቀት ሳይሆን ከልማድ ነው።

መልካም ምሳሌዎች

የሆነ ሆኖ ሥራው የማይቻል አይደለም፤ ያማረ ማስጠንቀቂያ የጻፉ አሉ።

የመጀመሪያውን ምሳሌ ከፒፕ እንውሰድ። ከ2022 ወዲህ ፒፕ የስሕተት መልእክቱን በክፍል ለይቶ መጻፍ ጀመረ፤ የሆነው ነገር ለብቻ፣ ማስታወሻው ለብቻ፣ ምክሩም ለብቻ ይጻፋል። ወፍጮው እምቢ ባለ ጊዜም «ይህ ስሕተት የመጣው ከሌላ ሥራ ነው፤ የፒፕ ጥፋት አይመስልም» የሚል ማስታወሻ ይጨምራል። ብዙ ሰው ወደ መልእክተኛው ዘንድ ሄዶ ከመጮህ ያድነዋል። ጥፋተኛ ያልሆነውን ለይቷል፤ ጥፋቱ ያለበትን በስም መጥራት ግን በባልንጀራዬ ታሪክ እንዳየነው ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ደቢያን ከተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይገኛል። ይህ ሲስተም ለራሱ ሥራ ፓይተንን ይጠቀማል፤ ተጠቃሚው በዘፈቀደ በፒፕ ጥቅል የጫነበት እንደ ሆነ የሲስተሙ የራሱ መሣሪያዎች ሊበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ በጁን 2023 ከወጣው 12ኛ እትም ጀምሮ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሰጠ ሰው ይከለከላል። ክልከላው ግን ደረቅ አይደለም። መጀመሪያ ቦታው በሌላ ጠባቂ የሚተዳደር መሆኑን ይነግረዋል፤ ቀጥሎ ጥቅሉን ከሲስተሙ ጎተራ በየትኛው ትእዛዝ እንደሚያገኝ ያሳየዋል፤ እዚያ ከሌለ ደግሞ ለብቻው የተከለለ ቦታ እንዴት እንደሚያዘጋጅ ትእዛዙን ቃል በቃል ይጽፍለታል። በመጨረሻም «ግድ የለም፣ አውቄ ነው» ለሚል ሰው መውጫ በር ትቷል። የበሩ ስም «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» ነው፤ «የሲስተሙን ጥቅሎች ስበር» እንደ ማለት ነው። በዚያ በር የሚያልፍ ሁሉ የሚያደርገውን በገዛ እጁ ጽፎ እንዲያልፍ ተደርጓል። እኔ ከዚህ የሚሻል የማስጠንቀቂያ ስም አላየሁም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ሳይኪት ለርን የተባለው የታወቀ የስሌት ጥቅል ጠባቂዎች ያደረጉት ነው። ይህ ጥቅል በፕሮግራም ውስጥ በአጭር ስሙ ኤስኬለርን እየተባለ ስለሚጠራ፣ ብዙ ሰው ከጎተራው ሲያዝዘውም በዚሁ አጭር ስም ያዝዘው ነበር። በአጭሩ ስም የተቀመጠው ግን ወደ እውነተኛው የሚመራ ባዶ ጥቅል ነበር። ጠባቂዎቹ አጭሩን ስም ሊሽሩ አሰቡ፤ በአንድ ጧት ቢሽሩት ስንት ሥራ እንደሚቆም ያውቃሉ። ስለዚህ ምን አደረጉ? መብራት በፈረቃ እንደሚጠፋ ሁሉ ጥቅሉን በፈረቃ አጠፉት። በዲሴምበር 2022 በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንቢ እንዲል አደረጉ፤ ቀስ በቀስም ደቂቃውን አረዘሙ፤ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ለዘለቄታው ተዘጋ። ፈረቃውንም አስቀድመው በሰንጠረዥ አውጥተው ለሁሉ አስታወቁ። በዚህ ዘዴ ማስጠንቀቂያው በተዘጋ ክፍል ሊቀር አልቻለም፤ ሥራ ይቆማልና ሰውየው ግድ ያነበዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ቢመለስ ሥራው ይቀጥላልና አይጎዳም።

የመልእክቱ አጻጻፍ ደግሞ ከዘዴው አያንስም። አንባቢዎቹን ለይቶ ለእያንዳንዳቸው ይናገራል። በእጅህ ያዘዝህ እንደ ሆነ ስሙን እንዲህ ብለህ ለውጥ፤ በዝርዝር ወረቀትህ የጻፍኸው እንደ ሆነ ዝርዝሩን አርም፤ አንተ ሳትሆን የምትጠቀምበት ሌላ ጥቅል ያዘዘው እንደ ሆነ ያን ጥቅል ፈልገህ ለባለቤቱ ንገረው፤ ይህ ሁሉ ካልሆነልህ ለጊዜው የምታልፍበት መንገድ ይኸውልህ ይላል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ቃል የለበትም። የሚመለከታቸውን አንድ በአንድ ጠርቷቸዋል።

ምን ቢጻፍ ይሻላል?

ከእነዚህ ምሳሌዎች አምስት ነገር መማር የምንችል ይመስለኛል። ማስጠንቀቂያ የማን ነገር እንደ ተበላሸ፣ ማለትም የትኛው ጥቅልና የትኛው ገጽ እንደ ሆነ በስም ይናገር። የሆነውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጥ። ማስተካከል የሚገባው ማን እንደ ሆነ፣ ማለትም አንባቢው ራሱ ወይም ሌላ ሰው መሆኑን ይለይ። የሚደረገውን ነገር ተቀድቶ ሊጻፍ በሚቻል ቃል ያሳይ። ዛሬ የሚያስቆም ካልሆነም እስከ መቼ ጊዜ እንዳለ ቀኑን ይቍረጥ፤ «ወደ ፊት» የሚባል ቀን በማናቸውም የቀን መቍጠሪያ ላይ አይገኝምና።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ስድስተኛ ነገር አለብን። እነዚህ መልእክቶች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛን በእናቱ ጭን ላይ ያልተማረ ወጣት የተጣመመ ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው ሁለት ጊዜ ይሸነፋል፤ አንደኛ በነገሩ፣ ሁለተኛ በቋንቋው። ቀልድና ፈሊጥ የተቀላቀለበት መልእክት ለጻፈው ሰው ፈገግታ ሲሆን በጂማ ወይም በደሴ ሌሊት ለሚያነበው ተማሪ እንቆቅልሽ ነው። አጭርና ቀና የሆነ እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም ይደርሳል፤ የአገሩንም ልጅ አይጎዳውም።

ይህን ስል ጥቅሎችን የሚጠብቁትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። አብዛኞቹ ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ናቸው። አሮጌውን አጻጻፍ ለዘላለም ተሸክመው ይኑሩ ማለትም ፍርድ ማጓደል ነው፤ አሮጌ ነገር የማይሻርበት ወፍጮ በመጨረሻ መፍጨት ያቅተዋል። እኛም ከበደሉ ድርሻ አለን። ከሌላ ሰው በነጻ የወሰድነውን እህል አንድ ቀን እንኳ የወፍጮ ቤቱን በር ከፍተን ምን እንደሚባል አላዳመጥንም። ፒፕ የወፍጮውን ወሬ እንዲያሰማ የሚታዘዝበት አንድ አጭር ቃል አለው፤ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አንድ ጊዜ በዚያ ቃል የፈተነ ሰው ጭሱን ሊያይ ይችላል። ያየውንም ለጥቅሉ ባለቤት በሁለት መስመር ጽፎ መላክ ከቅጠሉ ሥራ የሚቈጠር ነው።

ባልንጀራዬ የሙከራ ጊዜውን ፈጽሞ በሥራው ጸንቷል። አለቃው ሪፖርቱን የፈረሙለት ግን በዚያ ሳምንት ሳይሆን ከአንድ ወር በኋላ ነው። በቅርቡ ልጠይቀው ብሄድ ፕሮግራሙን ሲያሻሽል አገኘሁት። የደብዳቤ ቍጥር በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ስለሚመጣለት አንደኛውን ለመሻር አስቦ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። በመጀመሪያ የጻፈው «ትክክል ያልሆነ የቍጥር አጻጻፍ ወደ ፊት ተቀባይነት አይኖረውም» የሚል ነበር። አነበበው፤ ዝም አለ፤ ሰረዘውም። በእርሱ ፈንታ የጻፈውን በፈቃዱ ገልብጬዋለሁ፦

«ከግዢ ክፍል በመጣው ዝርዝር 14ኛ ረድፍ ላይ የደብዳቤው ቍጥር በሰረዝ ተጽፏል። ለጊዜው ተመዝግቧል፤ ከመጪው ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ግን አይመዘገብም። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ከእናንተ የሚፈለግ ነገር የለም። የሚያስተካክለው የግዢ ክፍል ነው፤ በሰረዙ ፈንታ እዝባር ይጻፍ።»

መልእክቱ ለመዝገብ ቤት ብቻ ታይቶ እንዳይቀር፣ ግልባጩ በየሳምንቱ ለግዢ ክፍል ኀላፊ እንዲደርስ አድርጓል። «አራት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ» ሲል አጫወተኝ። እኔ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ገበታ የተቀመጥን ወጣቶች፣ ፕሮግራም ብንጽፍም ደብዳቤ ብንጽፍም፣ ከዚያ ግማሽ ቀን የምንማረው ያለ ይመስለኛል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለን ከመጀመራችን በፊት ብዕራችንን ለጥቂት ጊዜ አሳርፈን የሚመለከተው ሰው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ስሙን ካገኘነው ደብዳቤው ለእርሱ ይሂድ።